ጥርስ ለመንቀል ስድስት ዓመት?

የጥርስ ሕክምና ትምህርት ከፍሬሽማን እስከ ኢንተርን ስድስት ዓመት ገደማ ይፈጃል ሲባል ብዙ ሰው ይገረማል። እንጦጦ ራጉኤል አካባቢ ያደገ ሰው ቢገረም ደግሞ አይፈረድበትም። እዚያ ወደ ጥርስ ሐኪም የሚወረደው ሌላው ሁሉ ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው፤ ቅርንፉድ ተነክሶ፣ ነጭ ሽንኩርት ተወትፎ፣ በአረቄ ተጉመጥምጦ፣ የእምቧይ ፍሬ ጭስ ተታጥኖ። ሕመሙ አልበርድ ሲል በሽሮ ሜዳ በኩል ወደ ስድስት ኪሎ ይወረድና ጥርሱ ተነቅሎ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ሥራው ሩብ ሰዓት አይሞላም። ታዲያ ስድስት ዓመት ምን ያደርጋል?

የመንቀሉ የእጅ ሥራ በእርግጥ ያን ያህል ጊዜ አይወስድም፤ እጁ የቀና ተማሪ በወራት ውስጥ ይለምደዋል። ዓመታቱን የሚበሉት ሁለት ሌሎች ነገሮች ናቸው። አንደኛው ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ሰው ከእግር እስከ ራሱ ማወቅ ነው። ሁለተኛው ሊነቀል የመጣውን ጥርስ ማዳን ነው።

መንገዱ የሚጀምረው ከ12ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ፈተና ነው። ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው መፈተን ከጀመሩበት ከ2014 የትምህርት ዘመን ወዲህ በሩ በጣም ጠብቧል፤ በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ያለፈው ተማሪ አንድ ዓመት ፍሬሽማን ሆኖ የጋራ ኮርሶችን ይወስዳል፤ ወደ ጥርስ ሕክምና የሚገባው ከዚያ በኋላ በውጤቱ ተወዳድሮ ነው። ትምህርቱን ከሚሰጡት መካከል የአዲስ አበባ፣ የጎንደር፣ የጅማና የመቀሌ ዩኒቨርሲቲዎች ይገኛሉ። ከተራራው ላይ ሆኖ የስድስት ኪሎን ግቢ ቁልቁል እያየ ላደገ ልጅ ምደባው ጅማ ሊያወጣው ይችላል። ቢያማርርም የቀደሙት ይህን ያህል ምርጫ እንኳ አልነበራቸውም። የሕክምና ፋኩልቲ አዲስ አበባ ላይ በ1950ዎቹ መጨረሻ ከተከፈተ በኋላም የጥርስ ሐኪም መሆን የፈለገ ሰው ለረጅም ጊዜ ባሕር መሻገር ነበረበት፤ በደርግ ዘመን ብዙዎቹ የተማሩት በሶቪየት ኅብረትና በምሥራቅ አውሮፓ አገሮች ነው።

ከፍሬሽማን ቀጥሎ የሚመጣው የሕክምና ተማሪዎች «ፒሲ» የሚሉት፣ ሕመምተኛ ሳይነካ የሚታለፍ ጊዜ ነው። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ይቀድማሉ፤ ፓቶሎጂ፣ ማይክሮባዮሎጂና ፋርማኮሎጂ ይከተላሉ። አብዛኛው ጠቅላላ ሐኪም ከሚማረው ጋር አንድ ነው። የጥርስ ተማሪውም በፎርማሊን የተጠበቀ አስከሬን ፊት ይቆማል፤ ጉበቱንም፣ ኩላሊቱንም፣ የእግሩን ደም ሥርም ያጠናል። «እኔ የምሠራው አፍ ውስጥ ነው፤ ኩላሊት ምን ያደርግልኛል?» ብሎ የማያጉረመርም ተማሪ ጥቂት ነው።

ያጉረመረመበት ነገር ክሊኒክ ሲገባ አንድ በአንድ ይመጣበታል። የልብ ቫልቩ በሰው ሠራሽ የተተካለት ሰው ጥርሱ ሲነቀል ከድዱ ወደ ደሙ የሚገባው ባክቴሪያ ቫልቩ ላይ ሰፍሮ ሊገድለው ይችላል። ስለዚህ ፔኒሲሊን የማይስማማው ካልሆነ በቀር ከመነቀሉ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት ቀደም ብሎ 2 ግራም አሞክሳሲሊን ይወስዳል። ያው ሰው ደም ማቅጠኛም ስለሚወስድ ደሙ እንዴት እንደሚቆም አስቀድሞ ታስቦበት መሆን አለበት። በልጅነት በጉሮሮ ቁስለት ጀምሮ ቫልቭን የሚያበላሸው የልብ በሽታ በአገራችን ብዙ ነው፤ እንዲህ ያለ ሕመምተኛ መጽሐፍ ላይ ብቻ የሚገኝ አይደለም። ስኳሩ ያልተስተካከለ ሰው ድዱ ቶሎ ይመግላል፤ የድዱ ሕመም ደግሞ ተመልሶ ስኳሩን ያስቸግራል። ላንቃ ላይ የታየ ነጭ ሽፋን ኤችአይቪ በደሙ ውስጥ እንዳለ ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያው ምልክት ሊሆን ይችላል። ከታችኛው መንጋጋ ሥር የተነሳ መግል ወደ ምላስ ሥርና ወደ አንገት ከወረደ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መተንፈሻ ሊዘጋ ይችላል። እብጠቱን ከውጭ ብቻ አይቶ «ይህን ኪኒን ውሰድና በሳምንቱ ተመለስ» የሚል ባለሙያ በሳምንቱ የሚመለስ ሰው ላያገኝ ይችላል።

ወደ ጥርሱ የሚገባው ከዚህ ሁሉ ጎን ለጎን ነው። ልጅ 20 የወተት ጥርስ አለው፣ አዋቂ 32። ሐኪሞች እያንዳንዱን በሁለት አኃዝ ይጠሩታል፤ የመጀመሪያው አኃዝ የአፉን ሩብ፣ ሁለተኛው ከፊት መሐል ጀምሮ ያለውን ተራ ያሳያል። በዚህ አቆጣጠር 36 የታች ግራ የመጀመሪያው መንጋጋ ነው። ይህ ጥርስ በስድስት ዓመት ገደማ ይበቅላል፤ ሲበቅልም ከወተት ጥርሶቹ ጀርባ ነው እንጂ ማንንም ተክቶ አይደለም። ልጁ የወለቀ ጥርሱን ይዞ ጣራ ላይ የሚወረውርበት ዕለት ስለሌለ ወላጅ ሳያየው ይቀራል፤ ቢያየውም የወተት ጥርስ መስሎት «ይወልቅ የለ» ይላል። ተማሪው ክሊኒክ ገብቶ ደጋግሞ ተቦርቡሮ የሚያገኘው ይህንኑ ጥርስ ነው።

የጥርስ ልባስ የሆነው ኢናሜል 96 በመቶ ያህሉ ማዕድን ነው፤ በሰውነታችን ውስጥ ከእሱ የጠነከረ ነገር የለም። ነገር ግን ሕዋስ የለውም። የሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድድ ሰንጥቆ ሲወጣ አብረው ያልቃሉ፤ አጥንት ይጠግናል፣ ቆዳ ይሽራል፣ የተቦረቦረ ኢናሜል ግን በራሱ አይሞላም። አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳር በልተው አሲድ ያመርታሉ፤ የአፉ ፒኤች ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ማዕድኑ መሟሟት ይጀምራል። ምራቅ ጊዜ ካገኘ መልሶ ያስተካክለዋል። ስለዚህ ተማሪው «ስኳር ትበላለህ?» ብቻ ሳይሆን «በቀን ስንት ጊዜ?» ብሎ መጠየቅን ይማራል። አቦል፣ ቶናና በረካን በአንድ ቁጭታ ጠጥታ የምትነሳ ሴት ለምራቋ ፋታ ትሰጣለች። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ከጠዋት እስከ ማታ በጉንጭ በጉንጭ የሚጠጣ የታክሲ ረዳት ግን የጠጣው ስኳር ከእሷ ቢያንስ እንኳ ጥርሱ ቀኑን ሙሉ አሲድ ውስጥ ይውላል።

ከኢናሜሉ ሥር ዴንቲን አለ፤ ከዴንቲኑ ውስጥ ሕዝቡ «ነርቭ» የሚለው፣ ደም ሥርና ነርቭ ያለበት ለስላሳ ክፍል፣ ፐልፕ አለ። ሌላ የሰውነት ክፍል ሲቆጣ ያብጣል። ፐልፕ ዙሪያውን ጠንካራ ግድግዳ ስለሆነ የሚያብጥበት ቦታ የለውም፤ ግፊቱ ሁሉ ነርቩ ላይ ይወድቃል። ሰው ሲጋደም ወደ ራስ የሚሄደው ደም ስለሚጨምር ቀን የቻሉት ጥርስ ሌሊት አያስተኛም። ከቀናት ሥቃይ በኋላ ሕመሙ ድንገት ጸጥ ሲል ብዙ ሰው «ቅርንፉዱ አዳነኝ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ፐልፑ ሞቷል፤ ከወራት በኋላ መግል ይዞ ይመጣል።

ከውጭ የመጡት መጻሕፍት የማያነሱት ወይም በአንድ መስመር የሚያልፉት የአገራችን አፍ ጉዳይም አለ፤ ለእኔ ከትምህርቱ ሁሉ የሚጥመው ይህ ነው። ከጎንደር፣ ከጎጃም ወይም ከትግራይ የመጣች እናት ድዷ ጠቁሮ ሲያገኘው ተማሪው በሽታ ብሎ እንዳይመዘግብ ንቅሳትን ማወቅ አለበት። ወንጂ ወይም ዝዋይ ያደገ ሰው ጥርሱ ቡናማ የሆነው ስላልፋቀ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ የከርሰ ምድር ውሃው ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከወሰነው ከ1.5 ሚሊግራም በሊትር እጅግ ያልፋል፤ ጉዳቱም የሚደርሰው ጥርሱ ገና ድድ ውስጥ ሳለ፣ እስከ ስምንት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ነው። እንዲህ ያለው ጥርስ በብሩሽ ቢፈተግ አይነጣም፤ አሸዋ ቢታሽበት ደግሞ ኢናሜሉን ይጨርሰዋል። የለገዳዲንና የገፈርሳን ግድብ ውሃ እየጠጣ ላደገ የአዲስ አበባ ልጅ ይህ የሌላ አገር በሽታ ይመስለዋል፤ ክሊኒክ ሲገባ ግን በየሳምንቱ ያየዋል።

ግግ ማውጣትም አለ። ሕፃኑ ሲያተኩሰውና ሲያስቀምጠው ድዱ ላይ ያለው ነጣ ያለ እብጠት «ግግ ነው» ይባልና በስለት ይወጣል። የሚወጣው ገና ያልበቀለ የወተት ክራንቻ ነው፤ ከሥሩ ያለው ቋሚ ጥርስ አብሮ ሊጎዳ፣ ቁስሉም ሊመረዝ ይችላል። ከዓመታት በኋላ ተማሪው ክራንቻ የሌለው ወይም ቅርጹ የተበላሸ ልጅ ሲያይ ምን እንደተደረገበት ከአፉ ያነብባል።

መፋቂያ ግን ከነዚህ ጋር መደመር የለበትም። ከወይራ፣ ከክትክታ ወይም ከልምጭ የተቆረጠ እንጨት በትዕግሥት ከተፋቀበት ቆሻሻ በማንሳት ከብሩሽ አያንስም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ልማዱ ባለበት አገር መፋቂያ እንዲበረታታ መክሯል። ጉድለቱ ፍሎራይድ ያለው ሳሙና አለመያዙና የኋላ መንጋጋዎችን የውስጥ ጎን በደንብ አለመድረሱ ነው። ይህን ማሳየት ሲገባ «እንጨቱን ጥለሽ ብሩሽ ግዢ» የሚል ተማሪ ሕመምተኛዋንም፣ እንጨቱንም አላወቀም።

ከዚያ እጅ ማሠልጠን ይመጣል። ተማሪው ሰምና መቅረጫ ይሰጠውና ጥርስ ይቀርጻል። የታችኛው የመጀመሪያ መንጋጋ አምስት ጉብታ አለው፤ አምስቱም በቦታቸውና በቁመታቸው ካልወጡ እንደገና ይጀምራል። አሰልቺ ነው፤ ኋላ ሙሌት ሲሠራ ግን ያንኑ ቅርጽ ሰው አፍ ውስጥ መመለስ አለበት፤ ትንሽ ከፍ ካለች ሕመምተኛው መንከስ ያቅተዋል። ቀጥሎ ፋንተም ሄድ የሚባለው፣ የጎማ ጉንጭና የፕላስቲክ ጥርስ ያለው ራስ አለ። መሰርሰሪያው በደቂቃ 300,000 ጊዜና ከዚያ በላይ ይሽከረከራል፤ ውሃ ካልተረጨበት ሙቀቱ ብቻ ፐልፑን ይገድላል። የላይኛው ጥርስ የውስጥ ጎን የሚታየው በመስታወት ስለሆነ እጅ ዓይን የሚያየውን ሁሉ ገልብጦ መሥራት ይለምዳል። የነርቭ ሕክምና ልምምድ የሚደረገው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተነቅለው በተጸዱ የሰው ጥርሶች ነው፤ የሥሩ ቱቦ ጠማማነት በፕላስቲክ አይመሰልም።

ተማሪን ከሁሉ በላይ የሚያስጨንቀው መሰርሰሪያው ሳይሆን መርፌው ነው። የላይኛው መንገጭላ አጥንት ስስ ስለሆነ ጥርሱ አጠገብ የተወጋ ማደንዘዣ ሰርጎ ይደርሳል። የታችኛው ግን ወፍራም ነው፤ ነርቩን መያዝ የሚቻለው ከኋላ፣ ወደ አጥንቱ ከመግባቱ በፊት ነው። ተማሪው በአውራ ጣቱ የመንገጭላውን ጠርዝ ይዳስሳል፣ ረጅሙን መርፌ ከሁለት ሴንቲሜትር በላይ ያስገባል፣ አጥንት ሲነካው ትንሽ ይመልሳል፣ ደም ሥር ውስጥ አለመሆኑን ስቦ ያያል፤ ከዚያ 1.8 ሚሊሊትር ሊዶካይን ቀስ እያለ ይለቃል። ዓይን የሚያየው ነገር የለም፤ የሚመራው በአናቶሚ ክፍል ያጠናው ነው። ልምድ ያለው እጅም አንዳንዴ ይስታል። መግል ባለበት ቦታ ደግሞ አካባቢው አሲድ ስለሚሆን መድኃኒቱ ራሱ ይደክማል። ፊታቸው አብጦ የመጡ ሰዎች «ማደንዘዣው አልያዘኝም» ሲሉ እውነታቸውን ነው። መፍትሔውም ሕመሙ ጸንቶ እስኪያብጥ አለመቆየት ነው፤ ይህን ለታመመ ሰው በዚያች ሰዓት መንገር ግን አይጠቅመውም።

ክሊኒክ ሲገባ ተማሪው የሚሠራው እያንዳንዱ ደረጃ በመምህር ታይቶ ይፈረምበታል። በየክፍሉ ሊያሟላ የሚገባው የሥራ ዓይነትና ብዛት አለ፤ ይህን ያህል ሙሌት፣ ይህን ያህል የነርቭ ሕክምና፣ የሚወልቅ ጥርስ፣ የድድ እጥበት። የሚነቀል ጥርስ ይዞ የሚመጣ ሰው ሞልቷል። ለነርቭ ሕክምና ደጋግሞ የሚመላለስ ሰው ግን ይጠፋል፤ ተማሪው የአክስቱን ልጅና የጎረቤቱን አፍ ሲመረምር የሚገኘው ለዚህ ነው።

ከእንጦጦ የመጡ አንዲት እናት መንጋጋቸውን ይዘው ገቡ እንበል።

«ልጄ፣ ንቀልልኝና ልሂድ።»

«እማማ፣ ይሄ ጥርስ እኮ ይድናል። ሁለት ሦስት ጊዜ ቢመላለሱልኝ…»

«ሦስት ጊዜ? ለትራንስፖርቱስ? ሥራዬንስ ማን ይሠራልኛል?»

እናቲቱ አልተሳሳቱም። የነርቭ ሕክምና በተደጋጋሚ ቀጠሮ ይሠራል፣ ቱቦው ይጸዳል፣ ይደፈናል፣ ከዚያም ጥርሱ እንዳይሰበር ሽፋን ቢደረግለት ይመረጣል፤ ሁሉም ገንዘብና የሥራ ቀን ይበላል። መንቀል በአንድ ቀን ያልቃል። ሒሳቡ የሚዞረው ቆይቶ ነው፤ ጎረቤት ጥርሶች ወደ ባዶው ቦታ ያዘነብላሉ፣ ከፊት ለፊቱ ያለው እየረዘመ ይወርዳል፣ ቆሎ መቆርጠም ወደ አንድ ጎን ይቀራል። እኔ ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ውይይት እንደ አንድ ሙያ ቢያስተምሩትና ቢመዝኑት እላለሁ። ተማሪው የተፈረመለትን የነቀላ ብዛት ይቆጥራል፤ ሰውን አሳምኖ ያዳነውን ጥርስ የሚቆጥርለት አምድ ወረቀቱ ላይ ቢኖር መልካም ነበር።

የቀሩትን ክፍሎች ባጭሩ ልለፋቸው። ሕፃናትን ማከም፣ የተዛነፈ ጥርስ በብሬስ ማቃናት፣ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት፣ ራጅ ማንበብ፣ መሣሪያ በአውቶክሌቭ በ121 ወይም በ134 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማምከን ሁሉም የየራሳቸው ጊዜ አላቸው። የአፍ፣ የመንገጭላና የፊት ቀዶ ሕክምና ከዲግሪው በኋላ የሚቀጠል ስፔሻሊቲ ሲሆን አዲስ አበባ ውስጥ ይሰጣል። ከእንጦጦ ሲወረድ ስድስት ኪሎ ላይ ያለው የካቲት 12 ሆስፒታል በከንፈርና ላንቃ ስንጥቅ ቀዶ ሕክምና ይታወቃል። ከድድ ጀምሮ የተጎሳቆሉ ሕፃናትን ፊት የሚበላው ኖማም ያለው በዚሁ ሙያ ደጅ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኖማን ትኩረት ከተነፈጋቸው የሐሩር ክልል በሽታዎች ዝርዝር ውስጥ ያስገባው በ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ በጣም ዘግይቷል። ድርጅቱ ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ባወጣው ሪፖርት የአፍ በሽታ ያለበት ሰው በዓለም ላይ 3.5 ቢሊዮን እንደሚጠጋ ገልጿል።

የመጨረሻው ዓመት ኢንተርንነት ነው፤ ከዚያ የመውጫ ፈተና፣ ቀጥሎም የሙያ ፈቃድ። የተመደበበት ሆስፒታል የጥርስ ሕክምና ወንበሩ የተበላሸ ወይም መሙያው ያለቀ ከሆነ ግን ስድስት ዓመት የተማረው ሐኪም በእጁ የሚቀርለት ጉጠት ብቻ ነው፤ ያኔ ያንን የራጉኤልን ሰው ጥያቄ ለመመለስ እሱም ይቸገራል።

የማስተማሪያ ክሊኒክ ሄዶ ተማሪ ዘንድ መታከም ለሚያስብ አንባቢ ጥቂት ልጨምር። ሥራው ቀስ ይላል፣ መምህሩ በየመሐሉ እየመጣ ስለሚያይ ረጅም ሰዓት ይያዝ። ቁርስ በልቶ መሄድ ይሻላል፤ ባዶ ሆድና ፍርሃት ሲገናኙ ሰው ወንበሩ ላይ ይዝለፈለፋል። የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ይዘው ይሂዱ፤ እርግዝና፣ የልብ ሕመም፣ ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ደም ማቅጠኛና የማይስማማዎትን መድኃኒት ሳይጠየቁ ይናገሩ። «ይህ ጥርስ ይድናል ወይ?» ብለው ይጠይቁ፤ ካልዳነ ለምን እንደማይድን ራጁን አሳይቶ ማስረዳት የተማሪው ግዴታ ነው። ከተነቀለ ደግሞ ጥጡን ግማሽ ሰዓት ነክሶ መቆየት፣ በዚያን ቀን አለመጉመጥመጥ፣ አለመትፋት፣ አለማጨስ፣ ትኩስ ቡናና አረቄ መተው ነው፤ ጉድጓዱን የሚያድነው እዚያው የረጋው ደም ስለሆነ። ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ የሚጀመረው በማግስቱ ነው።